ውሃ ሰንጣቂው ልጅ

ባልዚያ የሚታረደውን በግ የመረጠችው ራሷ ናት። ታናሹ ልጇ ሚራምበክ ከስንት ዓመት በኋላ ሊመጣ ነው።

በካስፒያን ባሕር ዳር ባለው መንደራቸው ቤት የታናሽ ልጅ ነው። ታላላቆቹ አግብተው ይወጣሉ፤ ታናሹ ግን እናት አባቱን ጦሮ፣ ቀብሮ፣ ቤቱን ይወርሳል። ታላቅየው ኦቴገን ከነልጆቹ በአንዲት ጠባብ ቤት ተጨናንቆ ሲኖር፣ ባልዚያ ሁለቱን ሰፋፊ ክፍሎች ቆልፋ ለሚራምበክ አቆይታለች።

ሚራምበክ አልማቲ ከተማ ምህንድስና ተምሮ ለተጨማሪ ትምህርት ጀርመን ሄደ። ያ ሲያልቅ «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ጃፓን ተሻገረ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ጀርመን ገባ። የሚያጠናው በነፋስ ኃይል ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ማውጣትን ነው። ባልዚያ ስለ ጋዙ የምታውቀው የለም። አንድ ነገር ግን ይገባታል፤ ሥራው ነፋስና ባሕር ይፈልጋል፣ ነፋስና ባሕር ደግሞ ሞልቶ የተረፈው እዚህ ነው። የወሰደብኝ ትምህርት ራሱ ይመልስልኛል ብላ ታምን ነበር።

ሚራምበክ ጀርመናዊ አለቃውን ይዞ መጣ። ለታሰበው የጋዝ ፋብሪካ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ሊያስተክሉ ነው። ባልዚያ እንደ ልማዳቸው የልጇን ግንባር አሸተተች፤ የማታውቀው ሳሙና ሸተታት።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ካልዲባይ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩት።

«አንተ ውሃ ሰንጣቂ! እኛ ውሃ በቦቴ እየመጣልን የምንጠጣ ሰዎች፣ ውሃ የሚሰነጥቅ ልጅ እንውለድ?»

«ከባሕሩ እኮ ነው አባባ፣ ጨዉን አውጥተን።»

«ባሕሩማ በየዓመቱ እየሸሸ ነው። ካንተ ተምሮ ይሆን?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባልዚያም ሳቀች።

ሥጋው ሲቀርብ ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥበው የቤቱ ታናሽ ልጅ ነው። ይህ ቤት የኔ ነው ማለቱ ነው። ባልዚያ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን በሩ አጠገብ አዘጋጅታለች። ሚራምበክ ግን ከአለቃው ጎን፣ ከበሩ ትይዩ፣ የክብር እንግዳ በሚቀመጥበት ተቀምጦ በባዕድ ቋንቋ ያወራል።

ኦቴገን ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ተው፣ እሱ ይነሳል።»

ጠበቁ። የሥጋው እንፋሎት ጠፋ፤ ስቡ መርጋት ጀመረ።

ሚራምበክ ቀና አለና «እማዬ፣ እጃችንን አንታጠብም እንዴ?» አላት።

ማንም አልሳቀም። ካልዲባይ እንኳ ጢማቸውን ብቻ ዳበስ አደረጉ። ባልዚያ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች። ሽማግሌውን አስታጠበች፤ ጀርመናዊውን አስታጠበች፤ ቀጥላ በገዛ ልጇ እጅ ላይ ውሃ አፈሰሰች።

«አመሰግናለሁ» አላት፣ ለባዳ እንደሚባለው።

ከምግብ በኋላ ካልዲባይ እንግዳውን ባሕሩን ሊያሳዩት ይዘውት ወጡ። ባልዚያ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ቀረች።

«ፋብሪካው እዚህ ከሆነ አንተም እዚህ ነህ አይደል፣ ልጄ?»

«ፋብሪካው ገና ሐሳብ ነው፣ እማዬ። የኔ ቤተ ሙከራ እዚያ ነው። ነፋሱን ለክቼ እመለሳለሁ።» አቀረቀረ። «ቋሚ ሥራ ሰጥተውኛል። ለኦቴገን አምና ነግሬው ነበር። አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው…»

ባልዚያ ወደ ታላቁ ዞረች። «አምና?»

«ምን ልበልሽ?» አለ ኦቴገን። «ከኔ አፍ ብትሰሚው ኖሮ፣ ክፍሎቹን ፈልጎ ነው ትይኝ ነበር።»

ባልዚያ በእርግጥም እንደዚያ እንደምትለው ታውቃለች።

«በየበጋው እመጣለሁ፣ እማዬ።»

«እንግዳማ ይመጣል።»

ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ ለኦቴገን ሰጠችው። «የልጆቹን ፍራሽ አምጣ። ዛሬውኑ።»

ኦቴገን ቁልፉን ይዞ ወንድሙን አየው። ሚራምበክ ወደ እናቱ ዞሮ፣

«እኔስ የት ልደር?» አላት።

«ከአለቃህ ጋር አነጥፍልሃለሁ» አለችው። «ጥሩ ብርድ ልብስ አለን፤ ለእንግዳ ያስቀመጥነው።»