ባለ ሣንቃው ተጎታች

ደብረ ታቦር በጣሊያን እጅ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። አናጺው መዝገቡ በጦር ሰፈሩ ግቢ ይሠራል። ሚስቱ እቴነሽ ለሹማምንት ልብስ አጣቢነት ጎንደር ከተወሰደች ሁለት ክረምት አልፏል። የይለፍ ወረቀት ደጋግሞ ቢጠይቅም ከልክለውታል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሹም አስጠራው። ትንሿን የእሽቅድምድም መኪናውን ወደ ጎንደር ሊልክ ነው፤ የመንገዱ ጠጠር እንዳይጎዳት ክዳን ባለው ተጎታች ውስጥ ሆና በካሚዮን እንድትሳብ ፈልጓል። ግቢው ውስጥ ሁለት ተጎታቾች ቆመዋል፤ አንዱ ሸራ የለበሰ፣ ሌላው ዙሪያውን በሣንቃ የተዘጋ።

«የቱ ይሻላል?» አለው በአስተርጓሚ።

መዝገቡ ሁለቱንም እየዞረ መታ መታ አደረጋቸው።

«ሸራውን ጠጠር ይበሳዋል። ባለ ሣንቃው ይሻልዎታል፤ ግን በዚያ መንገድ ሣንቃው መላላቱ አይቀርም፣ አናጺ አብሮት ይሂድ» አለ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ልቡ ግን ጎንደር ያለችው እቴነሽ ዘንድ ነበር።

«እንግዲያው አንተው ሂድ፤ ከካሚዮኑ ጋር ሰኞ ትመለሳለህ» አለው ሹሙ።

መንገዱን ሁሉ በጨለማው ሣጥን ውስጥ ከመኪናዋ ጎማ አጠገብ ተቀምጦ፣ የላላውን ሚስማር እየመታ፣ ለእቴነሽ የሚነግራትን ሲያሰናዳ ዋለ። ጎንደር ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ሲያገኛት ግን አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። እሷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊቱን ዳሰሰችው።

«ከስተሃል» አለችው።

ሁለት ቀን አብረው ሰነበቱ። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ የባዶውን ተጎታች የኋላ በር ከፍቶ ተቀመጠ፤ ከመንገዱ ዳር የቆመችው እቴነሽ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ በሩን አልዘጋውም።