የማን እጅ ተነሣ?

«ሦስተኛውን ዙር አያልፍም! አያልፍም ስላችሁ!»

ጋሼ ሽባባው ከአግዳሚው ብድግ ብለው ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። በሽቦ አጥር በተከበበው መድረክ ላይ አንድ መላጣና አንድ ጎፈሬያም ተፋላሚ ተናንቀው ይታገላሉ።

«ጎፈሬው አለቀለት። አታዩትም፣ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ? መላጣው ገና መሞቁ ነው!»

«መላጣ ለመላጣ ቢያዝን ምን ይገርማል!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሼ ሽባባውም የራሳቸውን አናት ዳበስ አድርገው አብረው ሳቁ።

እሁድ ከሰዓት በስሜነሽ ሻይ ቤት እንዲህ ነው። በሌላው ቀን ኳስ የሚታይበት ቤት፣ እሁድ ሲሆን ቡጢውም እርግጫውም ትግሉም ለተፈቀደበት ለኤምኤምኤ ይለቀቃል። የሚያስተላልፈው የዓረብ ጣቢያ ነው። ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በቤቱ ውስጥ ለመድኃኒት አይገኝም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱ ተንታኝ ነው፤ ሁሉም ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይናገራል። ከሁሉም ድምፃቸው የሚሰማው ግን ጋሼ ሽባባው ናቸው። በቀርከሃ ሥራ ቆሰበር ከተማ ውስጥ የሚያህላቸው የለም፤ ተመልካቹ የተቀመጠበትን አግዳሚ ሁሉ የሠሩት እሳቸው በመሆናቸው ስሜነሽ የፊተኛውን ቦታ ለማንም አትሰጥባቸውም። ደግ ናቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላቸውም፤ «ተሳስቻለሁ» ማለት። ያሸንፋል ያሉት ሰው ከተሸነፈ ወይ ዳኛው ተገዝቷል፣ ወይ ተፋላሚው ታሞ ነበር፣ አለዚያም ጣቢያው ዋናውን ቦታ ቆርጦታል።

«የሚያሸንፈው ጎፈሬው ነው» አለ ረጋ ያለ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። በሩ አጠገብ ጋቢ የደረቡ፣ አለንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዝናቡ እስኪያባራ ብለው ነበር የገቡት፤ ግንባረ ቦቃ ፈረሳቸው ደጅ ከቆርቆሮው ሥር ታስሯል።

«በምን አወቁ?» አሉ ጋሼ ሽባባው።

«መላጣው ቀኝ እግሩን አያምነውም። ሲረግጥ ይሰስታል።»

«ለማታለል ነዋ! ያነከሰ መስሎ ሊያስጠጋው!»

«እግር አያታልልም» አሉ ባለ ጋቢው።

ሦስተኛው ዙር አለፈ። መላጣው ማንንም አልዘረረም።

«አያልፍም ብለው ነበር» አሉ ባለ ጋቢው፣ ሻያቸውን እየጠጡ።

«ማለቴ አራተኛውን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራተኛውም አለፈ። በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ዙር፣ ጎፈሬው መላጣውን አንገቱን አንቆ ሲይዝ ባለ ጋቢው ከወንበራቸው ተነሡ፤ መላጣው ሾልኮ ወጥቶ በክርኑ ሲመታው ጋሼ ሽባባው በደስታ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ደወሉ ተደወለ። የመሐል ዳኛው ሁለቱን ተፋላሚዎች ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዞ ቆመ። አስተዋዋቂው ወረቀቱን ገልጦ በዓረብኛ አንድ ነገር አለ፣ የዳኛው ክንድ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፣ መብራት ሄደ።

በቤቱ ውስጥ የተነሣው ጩኸት እስከ መናኸሪያው ሳይሰማ አልቀረም። ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡና መልሰው ከኪሳቸው ከተቱ። የአገር አቀፍ ፈተናው ሳምንት ስለሆነ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቷል።

«ክርክር አያስፈልገውም» አሉ ጋሼ ሽባባው፤ «እጁ የተነሣው የመላጣው ነው።»

«የጎፈሬው ነው» አሉ ባለ ጋቢው። «ዓይን ላለው ሰው ግልጽ ነው።»

ዓይን ላለው ሰው! ይህቺ ጋሼ ሽባባውን አቃጠለቻቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ስለ ሰው ፍልሚያ ምን አውቀህ ነው? ሂድና ፈረስህን ጠብቅ!»

የማያውቁትን፣ በዕድሜ የሚስተካከላቸውን ሰው በአደባባይ አንተ ብለው ማባረራቸው ለራሳቸውም ጆሮ ከብዶ ተሰማቸው። ባለ ጋቢው ግን አለንጋቸውን አነሡ፣ ለስሜነሽ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ወጡ።

«ጋሼ፣ የዛሬውስ በዛ» አለች ስሜነሽ።

«እሱ ነው የጀመረው» አሉ። ሻዩ ግን አልጣማቸውም።

በሳምንቱ አጋማሽ ኪዳኑ ቀርከሃ አሳረረ። ኪዳኑ አባቱ የሞተበት፣ ገና ጢም ሳያበቅል መጥቶ በጋሼ ሽባባው እጅ ሙያ የተማረ ልጅ ነው፤ አሁን የወንበር መደገፊያ በእሳት አሙቆ ሲያጎብጥ ከመምህሩ አይተናነስም። ለአንድ አዲስ ሆቴል የታዘዘ የወንበር ሥራ ይዘው እየተጣደፉ ነበር። ጋሼ ሽባባው የጠቆረውን ቀርከሃ አንሥተው አገላበጡት።

«ምን ነካህ? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታሳርረው?»

«እኔ ነኝ ያሳረርኩት፣ ሌላ እተካለሁ» አለ ኪዳኑ። ቀጥሎ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ልለምንዎት ነበር። የምሥራችን ላገባ።»

የምሥራች ገበያው ዳር ልብስ የምትሰፋ ሳቂታ ልጅ ናት። ጋሼ ሽባባው ቀርከሃውን ጥለው ኪዳኑን አቀፉት፣ ጀርባውን መቱት፣ እንደገና አቀፉት።

«አባቷ ዘንገና፣ ሐይቁ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ አቶ ምህረቴ ይባላሉ» አለ ኪዳኑ። «ክብር ይወዳሉ። አንዴ እምቢ ካሉ በአማላጅም አይመለሱም ይላሉ። እና ጋሼ፣ እባክዎ፣ ስለ ግጥሚያ ምንም እንዳያነሡ።»

«እኔ? ለሽምግልና ሄጄ? ምን ነካህ!»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሽባባው፣ ቄስ አዝመራውና ጎረቤታቸው አቶ ይኸነው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀው ወደ ዘንገና ጉዞ ጀመሩ። መንገድ ላይ የጋሼ ሽባባው ስልክ ጠራ። የደወለው ያ ስለ ግጥሚያ እንዳያነሡ የለመናቸው ኪዳኑ ራሱ ነበር፤ አላስችል ብሎት።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔት ተለቀቀ! መላጣው ነው! ሁለት ዳኞች ለመላጣው፣ አንዱ ለጎፈሬው!»

ጋሼ ሽባባው የባጃጇን ጣራ በጡጫ ደበደቡት። «አላልኩም? አላልኩም?» ሾፌሩ የሆነ ነገር የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ።

«አቶ ሽባባው» አሉ ቄስ አዝመራው መስቀላቸውን እያስተካከሉ፣ «እኛ የሰው ልጅ ልንለምን ነው የምንሄደው።»

«አባ፣ ገብቶኛል። ግን ያን ባለ ጋቢ አንድ ቀን ባገኘው!»

ከዋናው መንገድ ወርደው በድንች ማሳዎች መሐል በእግር ሄዱ። ከዛፎቹ ጀርባ ሐይቁ ብልጭ ይላል። የቀርከሃውን አጥር አልፈው ግቢ ሲገቡ ደጃፉ ላይ የታሰረ ግንባረ ቦቃ ፈረስ ቀና ብሎ አያቸው። ጋሼ ሽባባው ይህን ፈረስ የት እንደሚያውቁት ሲያሰላስሉ ባለቤቱ ከቤት ወጡ። ጋቢ ደርበዋል። ጋሼ ሽባባው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። ልጁን አጠፋሁት፣ በአፌ አጠፋሁት፣ አሉ በልባቸው።

አቶ ምህረቴ ሦስቱንም በየተራ አዩና ዓይናቸው ጋሼ ሽባባው ላይ ቀረ። «ግቡ። ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄስ አዝመራው እንደ ወጉ።

«እንግዲያው ቁሙ።»

ቆሙ። ቄሱ ነገሩን ከእግዚአብሔር ሰላምታ ጀምረው አሳምረው ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። የአቶ ምህረቴ ባለቤት ወይዘሮ ማናለብሽ በጓዳው በር ብቅ ብለዋል። ከኋላቸው የምሥራች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታዳምጣለች።

«ልጁን የሚያውቀው ከእናንተ ማን ነው?» አሉ አቶ ምህረቴ።

ቄሱም አቶ ይኸነውም ወደ ጋሼ ሽባባው ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሽባባው፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ። «ከእጄ ነው ሙያ የተማረው።»

«ጠባዩን በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«በየትኛው ዓይንዎ? ባለፈው እሁድ አሸናፊን ከተሸናፊ መለየት ባቃተው?»

አቶ ይኸነው ጋሼ ሽባባውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ ተናገሩ ማለታቸው ይሁን ዝም በሉ ማለታቸው አልታወቀም። መልሱ በጋሼ ሽባባው አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ምላሳቸውን ይበላቸዋል። ዓይኔማ ልክ ነው፣ ሁለት ዳኛ መስክሮልኛል ቢሉ ነገሩ ያልቃል። ዓይናቸው ይታመናል፤ እኚህ ሰው ግን በገዛ ቤታቸው፣ በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት ያፍራሉ። ያፈረ አባት ደግሞ ልጁን አይሰጥም። ጋሼ ሽባባው መልሱን ዋጡት።

«አቶ ምህረቴ፣ ባለፈው እሁድ ተሳስቻለሁ» አሉ።

አቶ ይኸነው ጆሯቸውን አላመኑም። ይህን ያህል ዘመን በጉርብትና ሲኖሩ ይህቺን ቃል ሰምተው አያውቁም።

«የግጥሚያውን ነገር ለጊዜው እንተወው። በሰው ፊት አንተ ብዬዎታለሁ፤ ፈረስህን ጠብቅ ብዬ አባርሬዎታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጁ አይደለም። ልጁማ ያበላሸውን ሥራ ደብቆ አያውቅም፤ ሲያሳርር እኔ ነኝ፣ ሲሰብር እኔ ነኝ ይላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልቻልኩበትን። ይቅር ይበሉኝ።» ጎንበስ ብለው የአቶ ምህረቴን ጉልበት ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ኧረ በሕግ! ኧረ ይተዉ!» አቶ ምህረቴ ትከሻቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

ያኔ ወይዘሮ ማናለብሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኚህ ናቸው እንዴ! የእኔው ሰውዬኮ ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ሲከራከር ከረመ! ድንቹን ሲኮተኩት እግር አያታልልም ይላል፣ እራት ላይ እግር አያታልልም ይላል። ለፈረሱ ሳይቀር አስረድቶታል!»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ አቶ ምህረቴ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ግን እሳቸውም ፈነዱ። የምሥራች በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች፣ ቄሱ ሳቁ፣ ጋሼ ሽባባው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ አቶ ምህረቴ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ!»

የወይዘሮ ማናለብሽ እልልታ ፈረሱን አስበረገገው። ጠላው ቀረበ፣ የድንች ወጡ ቀረበ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ማን እንዳነሣው አይታወቅም፤ ብቻ አቶ ምህረቴ ጎፈሬው እንዴት አድርጎ እንዳነቀ ለማሳየት የአቶ ይኸነውን አንገት ያዙ፣ ጋሼ ሽባባውም መላጣው እንዴት እንዳመለጠ ሊያሳዩ ሲነሡ የጠላ ጣሳ ደፉ። ቄስ አዝመራው መጀመሪያ «አንገት ሲታነቅ ዳኛው ዝም ብሎ ያያል?» ብለው በቅሬታ ጠየቁ። ጥቂት ቆይተው ግን ሁለቱ እንደገና ቢገጥሙ ማን እንደሚያሸንፍ እሳቸውም እየተነበዩ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊወጡ ተነሡ። አቶ ምህረቴ እስከ አጥሩ ሸኟቸው፤ ቄሱና አቶ ይኸነው ትንሽ ቀደም ሲሉ የጋሼ ሽባባውን ክንድ ይዘው ወደ ኋላ አስቀሯቸው።

«ኢንተርኔት ተለቀቀ ሲሉ ሰማሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ውጤቱን ሰምተው ይሆን?»

«ሰምቻለሁ።»

«ጎፈሬው ነው፣ አይደል?»

ፊታቸው የበዓል ልብስ እንደሚጠብቅ ልጅ ፊት ሆኗል። አሁን የሚከለክል ነገር የለም፤ ልጅቷ ተሰጥታለች፣ ሚስቲቱ በሩቅ ናቸው፣ የሚሰማ ሰው የለም። ጋሼ ሽባባው ይህን ሰዓት ሳምንት ሙሉ ሲመኙት ኖረዋል። ከፈንጠዝያው በኋላስ? እኚህ ሰው ወደ ድንቻቸው ይመለሳሉ፤ የስሜነሽ ቤት ወጣቶች መሳቅ እንጂ የተፋላሚን እግር ማየት አያውቁም። ጋሼ ሽባባው እንዲህ ያለ ተከራካሪ አግኝተው አያውቁም፤ ሊያጡትም አልፈለጉም።

«አልነግርዎትም» አሉ።

«ምነው?»

«ስሜነሽ ሙሉውን ከባሕር ዳር በፍላሽ እንድታስመጣ አደርጋለሁ። እሁድ ይምጡ፣ አብረን ነው የምናየው። እስከዚያ ማንንም አይጠይቁ። ከፊት፣ ከእኔ ጎን ቦታ ይጠብቅዎታል።»

አቶ ምህረቴ ጥቂት አሰቡ። «መብራት ቢሄድስ?»

«እንከራከራለን!»

ጋሼ ሽባባው መንገድ ላይ ሲደርሱ ለኪዳኑ ደወሉ። ኪዳኑ ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሣው።

«ልጅቷ ተሰጥታለች፣ እንኳን ደስ ያለህ!» አሉት። ኪዳኑ ከወዲያ ሲጮህና ሲዘል ጠብቀው ቀጠሉ። «አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የግጥሚያውን ውጤት ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። አማትህ እስከ እሁድ አሸናፊ ናቸው።»