ቀዩን አትመነው

ሀምዲን ፕሮግራም የሚጽፈው ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከአባቱ ከሐጂ ሳሊሕ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ የኮድ መጻፊያው ደግሞ ከእሱ የባሰ ሽማግሌ። በፕሮግራም ቋንቋው ላይ አዲስ የመጣ አጻጻፍ ባየ ቁጥር ከሥሩ ቀይ አስምሮ "ስሕተት!" ይላል። ኮዱን ሲያስኬዱት ግን አንዳች እንከን የለበትም።

ይህን ያሳየችው አብራው ትሠራ የነበረችው የኮምቦልቻዋ ሚርያም ናት። "ቀዩን አትመነው፤ አስኪደህ እይ" ትለው ነበር። ከዚያ ከመስመሩ በላይ መጻፊያውን ዝም የሚያሰኝ ትእዛዝ ታስገባና ከጎኑ ተረብ ትጨምርበታለች፦ "ዝም በል ሽማግሌ፣ ያልገባህን አትፍረድ።" ሀምዲን ሲስቅ ሲስቅ ወደዳት። ግን እሷ የጴንጤ ልጅ፣ እሱ የሐጂ ልጅ፤ አባቴ እምቢ ይላል ብሎ ነገሩን በሆዱ ያዘው። እሷም ሌላ ሥራ አገኘችና ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ለፈሪ ግን ባሕር ማዶ ነው።

ሰሞኑን አዲስ መጻፊያ ተጫነ፣ ቀዩም ሁሉ ጠፋ። አለቃው ሳዲቅ "እነዚያን የዝምታ ትእዛዞች አጥፋቸው፣ ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ?" አለው። ሀምዲን ማጥፋት ጀመረ። ባጠፋ ቁጥር ናፍቆቷ ባሰበት። "ዝም በል ሽማግሌ" የምትለው ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለ። ለመሆኑ አባቱን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ ያውቃል?

ደረጃውን ወረደ። "አባዬ፣ አፉ ይበሉኝና... ሚርያምን ላገባት እፈልጋለሁ።"

ሐጂ ሳሊሕ ጨርቅ መለካታቸውን አላቋረጡም። "ወላሂ፣ መቼ ይጠይቀኛል እያልኩ ስጠብቅህ ከረምኩ። የእናቴ ወንድሞች ክርስቲያኖች አይደሉም እንዴ? እምቢ ይላል ብሎ ማን ነገረህ?"

ማንም አልነገረውም። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ደወለላት፤ የሆዱንም ዘረገፈ። ሚርያም እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"ሀምዲን፣ እሑድ ቀለበት አሰርኩ" አለችው ቀስ ብላ። "ደሴ እያለሁ ስንቱን ቀን ጠበቅኩህ።"

"አባዬን ፈርቼ ነው።"

"ጠይቀሃቸው ነበር?"

"ዛሬ ገና።"

"ምን አሉ?"

"እሳቸውም ሲጠብቁኝ ነው የከረሙት።"

ታልቅስ ትሳቅ አልለየለትም። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ላይ ወጣና የቀሩትን አጥፍቶ፣ "ዝም በል ሽማግሌ" የምትለዋን አንዲት መስመር ሳይነካት ሥራውን ለሳዲቅ ላከ።