ደህና ነኝ ካለ ዝጋ

ወንድሜ ፋሂም አጭር ነገር ይወዳል። ፀጉሩ አጭር፣ መልሱ አጭር፣ ጽሑፉማ ጭራሽ አይነሳ። እኔ አፊፋ ደግሞ ነገር ሲጎድል ደሜ ይፈላል። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ያለውን የአባታችንን ወርክሾፕ አብረን የምንመራው እኛው ነን፤ የቡና መፈልፈያ ማሽን እንጠግናለን። እንጨቃጨቃለን፣ ግን ከጭቅጭቁ ሳቁ ይበዛል።

ዘንድሮ ለቀማው ሲጀምር ስልኩ ፋታ ነሳን፤ ፋሂምም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት አስገባልን። ገበሬው የድምፅ መልእክት ይልካል፣ ረዳቱ አዳምጦ ይመልሳል፣ የሚደረገውንም ያደርጋል። ለዚህ የሚገለገልባቸው መሣሪያዎች አሉት። እንደ እኛ መፍቻና መዶሻ አይደሉም፤ ፋሂም የጻፋቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ ብልሽት ይመዘግባል፣ አንዱ መካኒክ ይልካል፣ አንዱ ያለቀ ጥያቄ ይዘጋል። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ ረዳቱ የሚያውቀው ከየመሣሪያው ጋር ከተጻፈለት መግለጫ ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መካኒካችን ሙርሺድ በር ላይ ተቀምጦ፣ «የሰው ሁሉ ማሽን ዛሬ ተሻለው እንዴ?» እያለ ያዛጋ ነበር። በዚህ መሀል ከሸቤ ገበያተኛ ይዞ የመጣው፣ ከተማ የሚባለው ሾፌር ሚኒባሱን አቆመና በመስኮት ጠራኝ።

«አፊፋ፣ አዴ ዘይቡን ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«ምን አደረግናቸው?»

«ማሽናቸው ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ሴቶቹ የለቀሙትን እሸት ቡና ውሃ ውስጥ ነክረው ነው ያሳደሩት፤ ዛሬ ካልተፈለፈለ አለቀለት። ደጋግሜ መልእክት ላክሁላቸው፣ እነሱ ግን ዘጉብኝ ብለው ክፉኛ ተቀይመዋል። ከእንግዲህ አልለምንም ነው የሚሉት።»

ክው አልኩ። የሸቤዋ ደንበኛችን አዴ ዘይቡ ያላቸው ማሽን አንድ ነው፤ በእሱ የሚያስፈለፍሉት ግን የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ናቸው። ያ እሸት ከተበላሸ የዓመት ልፋታቸው ገደል ገባ ማለት ነው። ሙርሺድን እየገፋሁ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወደ ፋሂም ዞርኩ።

መልእክቶቹን ከፈትን። የአዴ ዘይቡ ድምፅ ለስለስ ብሎ መጣ። «አካም ጅርቱ? ነጋ? አባታችሁ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ፀሐዩም ደግ ነው፣ ምንም አልጎደለብን።» እዚህ ላይ ትንፋሽ ሊወስዱ መልእክቱን ላኩት። ረዳቱም አፍታ ሳይቆይ፣ «ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል። ጥያቄዎ ተዘግቷል» ብሎ መለሰ። ሴትየዋ አልተሰማሁም ብለው እንደገና ጀመሩ፤ ጨዋ ናቸውና የጀመሩት ከሰላምታው ነው። አሁንም ተዘጋባቸው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። የመዝጊያውን መሣሪያ መግለጫ ሳነብ «ደንበኛው ደህና ነኝ ካለ ዝጋ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ፋሂም፣ በጅማ ምድር ደህና ነኝ ሳይል ችግሩን የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላል እኮ!»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ነዋ። ይሄን ደግሞ ማን ይጽፋል?»

«ረዳቱ ሰው ነው እንዴ?»

  እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር፤ ሁለታችንም እዚሁ ነው ያደግነው፣ ሰላምታን ከጉዳዩ ቆጥረነው አናውቅም።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ከሩቅ አገር መጥቶ ዛሬ የተቀጠረ ሰው አስብ» አልኩት። «ብልህ ነው፣ ታዛዥም ነው፤ ያልነገርከውን ግን አያውቅም። ምን ትለዋለህ?» እሱ ሲጽፍ እኔ አጠፋሁ፣ እኔ ስናገር እሱ አሳጠረ። ሻይ አስመጣን፤ ሳንጠጣው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ይህ መሣሪያ ጥገናው ያለቀለትን ጥያቄ ይዘጋል። ሰላምታ መልስ አይደለም። ደንበኛው ደህና ነኝ ሲል ስለ ራሱ እንጂ ስለ ማሽኑ አልነገረህም። ሰላምታውን መልስ፤ ሳትቸኩል እስኪጨርስ ጠብቅ፤ ከዚያ ስለ ማሽኑ ጠይቅ። እየሠራ ነው እስኪልህ ድረስ አትዝጋ።»

«ረዘመ» አለ ፋሂም።

«ይርዘም!»

የመካኒክ መላኪያው መሣሪያ መግለጫም «መካኒክ ይልካል» ብቻ ነበር የሚለው፤ የት፣ መቼ፣ ምን አስይዞ፣ የለም። እሱንም እንደገና ጻፍነው። በቆዩት መልእክቶች ስንሞክረው ከሰኮሩም አንድ ሰው ሰላምታ ላይ ተዘግቶበት አገኘን፤ ደውለን ይቅርታ ጠየቅን። ሥራው ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። ልቤ ግን ሸቤ ነበር። የሙርሺድ ስልክ አይሠራም፣ የአዴ ዘይቡን ቅያሜ ደግሞ በመግለጫ አላስተካክለውም።

አመሻሹ ላይ ከሸቤ መልእክት ገባ። «አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ? አባታችሁስ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ…»

ፋሂም ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ረዳቱ፣ «ወአለይኩሙ ሰላም፤ እኛም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጠበቀ። ስለ ፀሐዩ ሌላ መልእክት መጣ። ሙርሺድ ምሳውን በቅጡ እንዳልበላም ተነገረን። ረዳቱ ሁሉን ከሰማ በኋላ ነው፣ «ማሽኑስ፣ አሁን እየፈለፈለ ነው?» ያለው።

መልሱ ሲመጣ ከጀርባ ማሽኑ ያጓራል፣ ውሃው ይንዶቀዶቃል፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ። አዴ ዘይቡ ከዚያ ሁሉ በላይ እየጮኹ፣

«እየፈለፈለ ነው! እሸቱ ተርፏል! ቅያሜዬንም ትቼዋለሁ። ግን አደራ፣ እንዳትዘጋው፤ ስለ እናትህ ገና አልጠየቅሁህም» አሉት።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፋሂም ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። ስልኩን አነሳሁና ራሴ ደወልኩላቸው፤ ስለ እናቴ ይጠይቁኝ ብዬ።