ወይዘሮ ኤልፍነሽ መሪ ሲጨብጡ

ወይዘሮ ኤልፍነሽ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን ሁለቴ ወድቀዋል። መንዳት ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ድሬዳዋ እያሉ የአባታቸውን ፔጆ ከከዚራ ሰፈር እስከ ለገሃሬ ያስጋልቡት ነበር። የረታቸው የዚህ የሰው አገር እንግሊዝኛ ነው። ታክሲ የሚነዳው ልጃቸው ታዲዮስ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ይቅርብሽ። እኔ ድሮፕ አደርግሽ የለ?» ይላል። ማድረሱንስ ያደርሳል፤ በራሱ ሰዓት ነው እንጂ። አንድ ቀን ዶራቪል ገበያ አውርዷቸው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንኩርት ታቅፈው ሲጠብቁት፣ እንደ ዕቃ መቆጠራቸው አንገበገባቸው።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ልዕልት ከስልኳ የፈረንሳይኛ ዘፈን ትሰማለች። ትርጉሙን ጽፋ ለትምህርት ቤት ማስረከብ አለባት።

«ስለ መንገድ ሴፍቲ ነው» አለች። «ሰውዬው፣ ላይክ፣ ቀስ በይ፣ ፍሬን ያዢ ይላታል፤ እሷ እሺ የኔ ፍቅር ትላለች።»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ከት ብለው ሳቁ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ እሳቸውም የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደነበሩ እዚህ አገር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

«የምን ሴፍቲ! መጨረሻውን ስሚው እንጂ። እሺ እሺ ስትለው ቆይታ ዳር ይዛ ታቆማለች። በሩን ትከፍትና በል ውረድ ትለዋለች። ብቻዋን እየዘፈነች ትሄዳለች። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው ነገሩ!»

ልዕልት አፏን ከፍታ አየቻቸው። ወዲያው ስልኳን መነካካት ጀመረች።

«እማማ! የመንጃ ፈቃዱ ፈተና እኮ በፈረንሳይኛም አለ!»

ለታዲዮስ ሳይነግሩት፣ አድርሱኝ ብለው ጎረቤት ለምነው ሊፈተኑ ሄዱ። ከአርባው ጥያቄ የሳቱት አንዱን ብቻ ነው። በወሩ የመንዳቱንም አለፉ። ፎቷቸው ያለበትን ካርድ ሲቀበሉ ኮሩ፤ በራሳቸውም ኮሩ፣ ፈረንሳይኛ ባስተማሯቸው በአባታቸውም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ካርዱን ለታዲዮስ አሳዩትና እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ታዲዮስ ካርዱን ሁለቴ ገልብጦ አየና ቁልፉን ሰጣቸው። ልዕልት ከኋላ ገባች። ገና ሀይዌዩን ሳይይዙ ጀመረው።

«እማዬ፣ ቀስ! ፍሬን! ሌን ቀይሪ!»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ ለስለስ ባለ ፈረንሳይኛ አንዲት ነገር አሉት።

«ምን አለችኝ?» ብሎ ወደ ልጁ ዞረ።

«እሺ የኔ ፍቅር ነው ያለችህ» አለች ልዕልት፣ ሳቋን አፍና። «አባዬ፣ ፕሊስ ዝም በል። ቤታችን በእግር ሩቅ ነው።»