ሁለት ማንኪያ ሽሮፕ

በጎልማሶች ትምህርት ክፍላችን ስለ ሕይወታችን አንድ ቀን ጻፉ ተባልን። እኔም «ልጄ በሦስት ዓመቷ በጠና ታመመች፤ ፈጣሪ ማረልኝ» ብዬ አስረከብኩ። መምህሬ አነበቡትና፣ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ሮጠው አለፉ። ምን ነክቷት ነው የታመመችው?» አሉኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያኔ ማንበብ ስለማልችል የአባቷን መድኃኒት የሳል ሽሮፕ መስሎኝ ሁለት ማንኪያ ያጠጣኋት እኔው ነኝ። ሦስቴ ጽፌ ቀደድኩ። በአራተኛው እንደሆነው ጻፍኩትና፣ ከሰው በፊት እሷ ትወቀው ብዬ ለልጄ ሰጠኋት። ብትጠላኝስ?

እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ለዚህ ነው ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ብልቃጡን ሦስቴ የምታስነብቢኝ? እኔ እኮ ማንበቤን ተጠራጥረሽ ይመስለኝ ነበር!» ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ደግሞ አክስቴ የነገረችኝ የታለ? አዝለሽኝ በአንድ እግር ጫማ እስከ ሐኪም ቤት መሮጥሽ?»

«እሱ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?»

«እማዬ፣ ጥፋትሽን ብቻ ከጻፍሽማ ውሸት ነው።»

መምህሬን እግዜር ይስጣቸው፤ እሷንም ያኑርልኝ። እርሳሴን ቀርጻ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። «አዝያት ሮጥኩ» ብዬ ጨመርኩበት።