«ምክንያት» የሚለው ዓምድ

ቁልፍ ሠሪው ጧት ጧት ሱቁን የሚከፍተው በሦስት ቁልፍ ነው። መጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የመሀሉን፣ በመጨረሻም የላይኛውን፤ በእያንዳንዱም ላይ «ስምህ ይመስገን» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አዛብቶት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን የመሀሉን እንደከፈተ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አውጥቶ አነበበና ላይኛውን ሳይነካ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

መልእክቱ ከማያውቀው ቁጥር የመጣ ነው። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለው የደንበኞች መዝገብ አንድ ገጽ በፎቶ ተነሥቶ ተልኮለታል፦ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ የቁልፍ ቁጥር፣ ምክንያት። ከሥሩ ደግሞ የገንዘብ ልክ ተጠቅሶ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት መቶ አርባ ቤት በእጃችን ነው። እስከ ነገ ካልከፈልክ ለፈለገው ሁሉ እንሸጠዋለን።»

ዓይኑ የቁልፍ ቁጥሮቹ ላይ ተተከለ።

የቁልፍ ቁጥር ለሌላው ሰው ተራ ቁጥር ነው፤ ለቁልፍ ሠሪ ግን ቁልፉ ራሱ ነው። የየጥርሱ ጥልቀት በተራ የተጻፈበት ስለሆነ፣ መቁረጫ ማሽን ያለው ሰው ዋናውን ቁልፍ በዓይኑ ሳያይ ይቆርጠዋል። ሚስቱ ቁጥሮቹን የመዘገበችው በደግ ልብ ነበር፤ ቁልፍ የጠፋበት ደንበኛ በሩ ሳይሰበር አዲስ ይዞ እንዲሄድ ብላ።

እሱን ይበልጥ ያርበደበደው ግን አራተኛው ዓምድ ነው። ሰው በሩን እያስፈታ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። ቁልፍ ሠሪው በርከክ ብሎ ብሎን ሲያላላ፣ ባለቤቱ ከኋላው ቆሞ ቁልፍ የሚያስቀይርበትን ጣጣ ይዘረግፍለታል። እሱም «እህ» እያለ ይሰማል። አያቋርጥም፣ አይመክርም። ሰፈርተኛው «ጋሽ ምስጢር» ብሎ የሰየመው ለዚሁ ነው። ሱቅ ሲመለስ ግን ለሚስቱ ይነግራታል፤ ሚስት ምን ሌላ ሰው ናት? እሷም አሳጥራ «ምክንያት» በሚለው ሥር ታሰፍረዋለች፤ ደንበኛው ሌላ ጊዜ ሲመጣ «ያ ነገርዎ እንዴት ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ እንዲመች። «ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል።» «ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም።» «ቀን ቀን ቤቱ ሰው የለም።»

ፎቶውን በጣቱ አሰፋው። መሀል ላይ ባለፈው ዓመት ቁልፍ የቀየረላት የአንዲት አዋላጅ ስም አለ። ከጎኑም «ከቀድሞ ባሏ ሸሽታ ነው። ባለሽበት አገኝሻለሁ ብሎ ዝቷል» ይላል።

«አቤቱ፣ ምን አድርጌ ነው?» አለ።

ሚስቱ ስትደርስ ገና ከሩቅ «ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችው። ስልኩን አቀበላት። አንብባ ስትጨርስ የእሷም ፊት ከእሱ የተሻለ አልነበረም። ከጎናቸው ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠሩት። እሱም መዝገቡን ከፍቶ ጥቂት ነካካና ቀና አለ።

«የይለፍ ቃላችሁ ምን ነበር?»

ሚስቱ አቀረቀረች። «እንዳንረሳው ብለን… የሱቁን ስልክ ቁጥር።»

ጠጋኙ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ሰሌዳውን አየ። «ይሄን በቀይ ቀለም የተጻፈውን?»

«እሱኑ።»

«አይ ጋሽ ምስጢር! ለበሩ ሦስት ቁልፍ ገጥመው፣ የመዝገቡን ሰሌዳ ላይ ይሰቅሉታል?» ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

«አንተ ደግሞ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው የምትጮኸው» አለችው ሚስቱ።

«መቼ ጠየቃችሁኝና ነው፣ እትዬ?»

እሷ እስክሪብቶ አንሥታ ማስላት ጀምራለች። ሌቦቹ የጠየቁት የሦስት ወር የሱቅ ኪራይ ያህል ነው። የሁሉንም ቤት ቁልፍ በራሳቸው ወጪ ይቀይሩ ቢባል ግን የአራት ዓመት ኪራይ ይፈጃል፤ ማሽኑ ቢሸጥም አይሞላም።

«ያውም ሰው ከሰማ ወዲያ ማን ቁልፍ ያስቆርጠናል?» አለች። «ክፈላቸውና አፋችንን እንዝጋ። በልጆቼ ይዤሃለሁ።»

«ቢከፍሏቸውም ገልብጠው ይዘውታል እኮ» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። «ሌባ ተከፈለኝ ብሎ ያየውን አይረሳም።»

ቁልፍ ሠሪው ሁለቱንም ሰማ። ከዚያ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ መሀል መንገድ ፈለገ። «የአዋላጇን ብቻ አሁኑኑ ልቀይር። በነፃ ነው እላታለሁ፤ ምንም አልነግራትም። የቀረውን ስመለስ እናያለን።»

መሣሪያውን ይዞ ወጣ። መንገዱ የዘወትሩ መንገድ ነው፤ ሰዉ ግን ሌላ ሆነበት። ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተ ሁሉ ቁልፍ የጨበጠ መሰለው። አንዱ ከኋላው ቁልፉን እያንቃጨለ ሲያልፍ ግድግዳ ተደግፎ አሳለፈው።

የአዋላጇ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሲያንኳኳ ሰንሰለቱን ሳታወልቅ በጠባቡ አየችው።

«ጋሼ! ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። ለነባር ደንበኞች ቁልፍ በነፃ እየቀየርን ነው።»

«በነፃ? ዘንድሮ በነፃ የሚገኝ ስድብ ብቻ መስሎኝ!» ሳቀችና ሰንሰለቱን አወለቀች። ዓይኗ በእንቅልፍ አብጧል። «ከሥራ መግባቴ ነው። እዚሁ ሶፋው ላይ ወድቄ ነበር።»

በርከክ ብሎ ቁልፉ የሚገባበትን የናስ ሲሊንደር ፈታና መዳፉ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገው። መዳፉ ላይ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ፈሰሰ።

ከመቁረጫ ማሽን ገና የወጣ፣ በወጉ ያልተሞረደ አዲስ ቁልፍ መጀመሪያ ሲገባ ነው እንዲህ የሚያራግፈው። «እስቲ ቁልፍሽን» አላት። ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው፤ ዓመት ያገለገለ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር የለሰለሰ ነው።

«ሌላ አስቆርጠሻል?»

«ኧረ የለም። ሁለተኛው እህቴ ጋ ነው።»

«እህትሽ ሰሞኑን መጥታ ነበር?»

«ከመጣች ሁለት ወሯ። ምነው ጋሼ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ዛሬ ስገባ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቶ አገኘሁት። ረስቼ ነው ብዬ…»

እንሸጠዋለን ያሉትን ቀድመው ሸጠውታል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። ብናኙን በመዳፉ እንደያዘ ተነሣ።

«ልጄ፣ በነፃ ያልኩሽ ውሸት ነው» አለና ነገራት። መዝገቡን፣ ቁጥሩን፣ ስለ ባሏ የተጻፈውንም ሳያስቀር ነገራት።

«የነገርኩዎትን ጻፋችሁት?» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለው ነበር። «እኔ እኮ ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

በርቶ የተገኘው መብራት ትዝ አላቸው። ወዲያው ሁለቱም እኩል ወደ መኝታ ክፍሉ በር ዞሩ። ገርበብ ብሏል።

«ከገባሁ ወዲህ… እዚያ አልገባሁም» አለች በሹክሹክታ።

ካቻቪቴውን ጨብጦ በሌላው እጁ ወደ ደረጃው ሳባት። ጎረቤት አንኳኩተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ያለው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነበር ይባላል፤ እሱ በልቡ ጸሎት ጀምሮ መሀሉ ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል፤ አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። አዋላጇ ግን አልጋዋ ራስጌ ያለውን ግድግዳ አይታ አፏን ያዘች። የወሩ የሥራ ተራዋ የተጻፈበት ወረቀት እዚያ ነበር የሚሰቀለው፤ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው። መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ እንደምትገባ፣ በየትኛው ሌሊት ብቻዋን እንደምትሄድ ማወቅ የፈለገ ሰው ወስዶታል።

እህቷ ልትወስዳት መጣች። ቁልፍ ሠሪው አዲሱን ሲሊንደር ገጥሞ ሁለቱንም ቁልፎች ለአዋላጇ ሰጣት። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

«ቁጥሩስ?»

ከአዲሱ ቁልፍ ጋር የመጣችውን፣ ቁጥሩ የተቀረጸባትን ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ አዋላጇ ፊት በሞረድ ፋቃት፤ አንድም አኃዝ እስከማይነበብ ፋቃት። እሷም እስኪጨርስ አየችው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳትል፣ ሳትራገምም፣ እህቷን ተከትላ ወረደች።

ሚስቱ ጋ ደወለ። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ሱቁስ?» አለች ሰምታ ስትጨርስ።

«እንጃ።»

ስታለቅስ ይሰማዋል። ቀጥሎም ከመዝገቡ የታተመ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማ። «ለደንበኞቹ ሁሉ ከላይ ጀምሬ ልደውል» አለች። «አንተ ጆሯቸው የማይሰማውን ሽማግሌ ሄደህ ንገራቸው። ስልክ አያነሡም።»

ሄደ። የሽማግሌውን በር በጡጫው ደጋግሞ መታው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣና በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

«ማነው?»

«ቁልፍ ሠሪው ነኝ» የሚለው ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን በር አስከፍቶለታል። ዛሬ ግን ሊለው አልደፈረም።

«አባባ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። ሰንሰለቱን ሳያወልቁ ይስሙኝ።»